ፔንስል ቻምበሩ ያነበበው ከኮንሶሉ በ23 በመቶ አነሰ፤ ራጅ አመንጪው ቲዩብ ነው ወይስ እኔ?

ፋንተም_ተሸካሚ

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች።

የአንድ ባለ 16 ረድፍ ሲቲ (በራጅ የሰውነትን ቁራጭ ምስል የሚያነሳ ማሽን) ዓመታዊ ፍተሻ ላይ ነኝ። የምስል ጥራቱ ክፍል ሊያልቅ ነው፤ የተያዝኩት ዶዙ (የጨረሩ መጠን) ላይ ነው። ኮንሶሉ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ) የሚያሳየውን ሲቲዲአይቮል፣ ማለትም የስካኑን የዶዝ ቁጥር፣ በፔንስል ቻምበር (እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን በሆነ የጨረር መለኪያ) ሳረጋግጥ የእኔ ቁጥር በጣም ዝቅ ይላል። የምንሠራበት ገደብ ፕላስ ማይነስ 20 በመቶ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ማሽኑ ወድቋል ብዬ ልጽፍ ነው።

የለካሁት እንዲህ ነው። የ32 ሴ.ሜ. አክሪሊክ ፋንተም (በታካሚ ፈንታ የሚለካበት፣ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሊንደር)፣ 120 ኬቪ (የቲዩቡ ቮልቴጅ)፣ 200 ኤምኤኤስ (የቲዩቡ ከረንት በጊዜ ተባዝቶ)፣ አክሲያል፣ አንድ ዙር ብቻ፣ ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ። ኮሊሜሽኑ (የጨረሩ ስፋት) 16 በ1.25 ነው፤ በጠቅላላ 20 ሚ.ሜ.። አውቶ ኤምኤው (ከረንቱን በራሱ የሚያስተካክለው) ጠፍቷል። ቻምበሩ ያልገባባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በአክሪሊክ ዘንግ ደፍኛለሁ። በየቀዳዳው ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 በመቶ በታች ነው። አማካዮቹ በሚሊግሬይ፦

መሃል 1.32
ላይ 2.74
ቀኝ 2.66
ግራ 2.64
ታች 2.45

የዳሩ አማካይ 2.62 ሆነ። ቻምበሩ 100 ሚ.ሜ. ርዝመት ስላለው ለ20 ጨረር በ5 አባዛሁ፤ ከመሃሉ አንድ ሦስተኛ፣ ከዳሩ ሁለት ሦስተኛ ወስጄ ስደምር 10.94 መጣ። የሙቀትና የግፊት ማስተካከያው 1.009 ነው (24 ዲግሪ፣ 1018 ሄክቶፓስካል፤ ግፊቱን ከስልኬ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አየሁ)። መጨረሻው 11.04 ሚሊግሬይ። ኮንሶሉ 14.3 ይላል። የእኔው በ22.8 በመቶ ያንሳል።

የጭንቅላቱ ፋንተም (16 ሴ.ሜ.) በተመሳሳይ መለኪያ መሃሉ 4.39፣ የዳሩ አማካይ 4.46፤ ተሰልቶ 22.38። ኮንሶሉ 29.1። እሱም በ23 በመቶ ያነሰ።

ኬቪውን በሶሊድ ስቴት ሜትር (በሴሚኮንዳክተር በሚሠራ መለኪያ) ለክቼ 119.6 አግኝቻለሁ፤ ችግር የለውም። ቲዩቡ አራት ዓመቱ ነው። አምና ሌላ ባለሙያ በሌላ መሣሪያ ለክቶ ለሰውነት ፋንተሙ 14.0 ጽፏል። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው፣ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ግድም፣ ክፍሉም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ከሙቀት ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። ታዲያ ቲዩቡ በአንድ ዓመት ሩብ ጉልበቱን አጣ ማለት ነው? የሰርቪስ መሐንዲሱን ከመጥራቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ኮሊሜተር

ሁለት ነገር ቶሎ ያጣሩ።

አንደኛ፣ ኮንሶሉ ቁጥሩን የሚሰጠው በየትኛው ፋንተም ነው? የዶዝ ሪፖርቱ ገጽ ላይ ከሲቲዲአይቮሉ ጎን 16 ወይም 32 ተብሎ ተጽፏል። የሕጻናት ሆድ ፕሮቶኮል መርጠው ከሆነ አንዳንድ ማሽን በ16 ነው የሚያሳየው፤ የ16ቱ ቁጥር ከ32ቱ በእጥፍ ግድም ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በ5 ያባዙት ጨረሩ 20 ሚ.ሜ. ነው ብለው ነው። የሚቆጠረው በዲቴክተሩ ላይ የተከፈተው ስፋት እንጂ ምስሉ የተሠራበት የስላይስ ውፍረት አይደለም። ስላይሱን 5 ሚ.ሜ. አድርገው ሲያስቀምጡ አንዳንዱ ማሽን ኮሊሜሽኑንም ሳይናገር ይቀይራል። የስካን ገጹን ሳይሆን የዶዝ ሪፖርቱን ወይም የምስሉን ዳይኮም መረጃ (ከምስሉ ፋይል ጋር የተቀመጠውን) ይመልከቱ።

ከሁለቱም ካልሆነ የቻምበሩ ካሊብሬሽን ላይ ነው የምጠረጥረው። የምስክር ወረቀቱ መቼ ነው የወጣው?

ዳር_ሁለት_ሦስተኛ

ወንድማችን ኮሊሜተር ያነሳቸው ሁለቱም መታየት ያለባቸው ናቸው፣ ግን እዚህ አይደሉም። የፋንተም መለዋወጥ ቢሆን ቁጥሩ ግማሽ ይሆናል እንጂ ሩብ አያንስም። የኮሊሜሽን ስህተትም በ20 ፈንታ 10 ወይም 5 እየተባለ በእጥፍና በአራት እጥፍ ነው የሚዘለው።

የጠያቂውን ቁጥሮች ራሳቸውን እንያቸው፤ ብዙ ይናገራሉ።

በ32ቱ ፋንተም የመሃሉ ንባብ ከዳሩ ግማሽ ነው፤ 1.32 ለ2.62። በ16ቱ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ 4.39 ለ4.46። በ120 ኬቪ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ቻምበሩ በትክክል ሳይገባ ቀርቶ፣ ቀዳዳ ሳይደፈን ተረስቶ ወይም ቦውታይ ፊልተሩ (ጨረሩን ዳር ዳር የሚያሳሳው) ተቀይሮ ቢሆን ይህ ዝምድና ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ፋንተሙም አቀማመጡም ደህና ነው።

ከዚያ ወዲያ፣ ሁለቱ ፋንተሞች ያነሱት እኩል ነው። 11.04 ለ14.3 ሲካፈል 0.772፣ 22.38 ለ29.1 ሲካፈል 0.769። ፋንተም ተቀይሮ፣ ፊልተርም ተቀይሮ ጉድለቱ አንድ ከሆነ ነገሩ ሁሉንም ንባብ በአንድ ቁጥር የሚያባዛ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ብቻ ነው፦ የቲዩቡ ውጤት፣ የቻምበሩ ካሊብሬሽን፣ የአየር ማስተካከያው።

ቲዩቡን በነጻ ማጣራት ይችላሉ። የዕለት ተዕለቱን የውኃ ፋንተም መዝገብ ያውጡና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ከአምና ጋር ያስተያዩ። ኖይዝ (ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ የሚለካው የምስል ዝብርቅ) ከዶዝ ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ ዶዙ በእርግጥ ወደ 0.77 ወርዶ ከሆነ ኖይዙ በ14 በመቶ መጨመር አለበት፤ አምና 4.2 የነበረው ዛሬ 4.8 መሆን አለበት። መስመሩ ሳይነቃነቅ ከቀጠለ ቲዩቡ ጤነኛ ነው። ሲያረጅም ቢሆን ቲዩብ እንዲህ አያደርግም። የአኖዱ (በቲዩቡ ውስጥ ራጁ የሚፈልቅበት ብረት) ገጽ ሻክሮ፣ መስኮቱ ላይ ብረት ተጋግሮ ውጤቱ ቀስ በቀስ ጥቂት በመቶ ይወርዳል፤ ኤምኤውን ግን ጄኔሬተሩ በየቅጽበቱ እየለካ ስለሚያስተካክለው አንድ ሩብ በድንገት አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው። 2000 ሜትር ላይ ሆነው 1018 ሄክቶፓስካል አይገኝም። የለም። በዚያ ከፍታ ያለው ግፊት 795 አካባቢ ነው። የስልክዎ መተግበሪያ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላውን ነው፤ የአየር ትንበያ የሚሠሩ ሰዎች ቆላውንና ደጋውን በአንድ ካርታ ለማወዳደር እንዲያ ያደርጉታል። ለእኛ ሥራ አይሆንም።

ፔንስል ቻምበሩ ክፍት ነው፤ በውስጡ ያለው አየር የክፍሉ አየር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ በዚያው 100 ሚ.ሜ. ውስጥ ያለው የአየር መጠን ያንሳል፣ ጨረሩ የሚፈጥረው አዮንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቻምበሩ ጋር የተያያዘው ኤሌክትሮሜትር ደግሞ የተሰበሰበውን ቻርጅ እንጂ ስንት አየር እንደነበረ አያውቅም። የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ለ1013.25 ሄክቶፓስካል የተሰጠ ነው። ስሌቱ፦

(273.15 + 24) ÷ (273.15 + 20) = 1.0136
1013.25 ÷ 795 = 1.2745
ሁለቱ ሲባዙ 1.292

10.94 በ1.292 ሲባዛ 14.13። ከኮንሶሉ የሚለየው በ1.2 በመቶ ነው።

795ን የወሰድኩት ከከፍታው ገምቼ ነው፤ እርስዎ ግን በግምት አይጻፉ። በዚያ ከፍታ 100 ሜትር ስህተት 1.2 በመቶ ግድም ያመጣል፣ የአየሩ መለዋወጥ ደግሞ በላዩ አለ። ባሮሜትር ይዘው ይግቡ። ስልክዎ የራሱ የግፊት ሴንሰር ካለው የሴንሰሩን ጥሬ ንባብ የሚያሳይ መተግበሪያ ይጠቅማል፤ ከፍታ አስገባ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ያ ወደ ባሕር ወለል ሊመልስ ነው፣ ይተዉት። አየር ማረፊያ ቢጠይቁም ይጠንቀቁ፦ ኪውኤንኤች የሚሉት የተመለሰው ነው፣ ኪውኤፍኢ የሚሉት የቦታው ነው።

መሐንዲሱን ስላልጠሩ እሰየው። በዚህ ቁጥር ተማምኖ ውጤቱን ወደ ላይ ቢያስተካክለው ኖሮ እያንዳንዱ ታካሚ 30 በመቶ ግድም ትርፍ ዶዝ ይቀበል ነበር፣ ምስሉም ስለሚያምር ማንም አቤት አይልም።

ሦስት_መቶ_ቮልት

ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ይህን ካወቁ በኋላ ሰዎች የሚገቡበትን ሁለተኛ ጉድጓድ ነው፦ ሁለት ጊዜ ማስተካከል።

ብዙ አዳዲስ ኤሌክትሮሜትሮች በሆዳቸው የግፊት ሴንሰር አላቸው፤ ማስተካከያው ሲበራ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር የተስተካከለ ነው። እዚያ ላይ እንደገና በ1.292 ካባዙ ጠቅላላ ማባዣው 1.67 ይሆናል። ሜኑው ውስጥ ገብተው አንድ ጊዜ አብርተው፣ አንድ ጊዜ አጥፍተው በዚያው ኤክስፖዠር ይለኩ። ቁጥሩ በ29 በመቶ ከተለዋወጠ ማስተካከያው ይሠራል፤ ካልተለዋወጠ በእጅ ማስላት አለብዎት። የእርስዎ ጠፍቶ እንደነበር ከውጤቱ ያስታውቃል። የትኛው እንደተመረጠ ግን ቅጹ ላይ ይጻፉት፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው አይገምት።

ሴንሰሩ ግፊቱን የትም ሆኖ ቢለካ አንድ ነው፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉና ጋንትሪው (ታካሚው የሚገባበት የማሽኑ አካል) ዘንድ ያለው ግፊት አይለያይም። ሙቀቱ ግን ይለያያል። ኤሌክትሮሜትሩ ኮንሶሉ ጋ ተቀምጦ 26 ዲግሪ ሲል ቻምበሩ ያለበት ፋንተም 21 ሊሆን ይችላል፤ በየ3 ዲግሪው 1 በመቶ ነው። አክሪሊክ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። የ32ቱ ፋንተም ከቀዝቃዛ መጋዘን ወጥቶ ወዲያው ከተለካበት መሃሉ ለሰዓታት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ከዋዜማው አስገብተው ያሳድሩት፣ ቴርሞሜትሩንም መሃለኛው ቀዳዳ ውስጥ ይክተቱ።

የምስክር ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ያንብቡ። የማመሳከሪያው ሙቀት 20 ነው ወይስ 22? ሁለቱም አሉ፤ ልዩነቱ 0.7 በመቶ ነው። የጨረር ጥራቱ አርኪውቲ 9 የተባለው መደበኛ ጨረር ነው? ለ120 ኬቪ ሲቲ የሚሆነው እሱ ነው። ዩኒቱስ? ሚሊግሬይ ከሆነ እርስዎ እንዳደረጉት በ100 ሚ.ሜ. ያባዛሉ፤ ሚሊግሬይ ሴንቲሜትር ከሆነ ርዝመቱ ውስጡ ስላለ ለጨረሩ ስፋት ማካፈል ብቻ ነው፣ ደግሞ በ10 ካባዙት አሥር እጥፍ ይሳሳታሉ። በሮንትገን የተሰጠ አሮጌ ወረቀት ካጋጠመ 1 ሮንትገን በአየር 8.76 ሚሊግሬይ ነው። የባሮሜትሩንም ዩኒት ያጣሩ፤ 795 ሄክቶፓስካል በሚሊሜትር ሜርኩሪ 596 ነው፣ ለ760 ነው የሚነጻጸረው።

ኤሌክትሮሜትሩን ቮልቴጁን ሰጥተው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ ያለ ጨረር 60 ሰከንድ ይሰብስብ። ዜሮ አካባቢ ካልቆመ መጀመሪያ የኬብሉን ጫፍ ያድርቁ፤ እርጥበትና የጣት ቅባት ሌኬጅ (የቻርጅ መፍሰስ) ያመጣሉ። ኬብሉን ጠረጴዛው ሥር አያስጨንቁት።

ደግሞ የአምናው 14.0፦ ያ ባለሙያ የሲቲ ሶሊድ ስቴት ፕሮብ ይዞ ከሆነ ነገሩ ተፈታ። ሴሚኮንዳክተር የአየር ግፊት አያውቅም።

ፋንተም_ተሸካሚ

በጣም አመሰግናለሁ። ባሮሜትር ተውሼ ለካሁ፤ 795 ሆነ፣ ሊታመን በማይችል ሁኔታ። ሰውነት 14.13 ለ14.3፣ ጭንቅላት 28.66 ለ29.1። የውኃው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መስመርም ዓመቱን ሙሉ ቀጥ ያለ ነው። የአምናው መሣሪያም ሶሊድ ስቴት ነበር፤ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ በትንሽ ጽሑፍ አለ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ላይ 2.74 ሆኖ ታች 2.45 መሆኑ ጤና ነው? ሁለተኛው ከዶዝ ጋር አይገናኝም፦ የውኃው ፋንተም ላይ በጠባብ ዊንዶው (በጠባብ የግራጫ ክልል) ሳየው ከመሃል 21 ሚ.ሜ. ግድም የሚርቅ ደብዛዛ ቀለበት አለ። ከ16ቱ ስላይሶች በሁለቱ ብቻ፣ 7ኛውና 8ኛው ላይ። የውኃው ኤችዩ (የሲቲ የእፍጋት ቁጥር፣ ለውኃ ዜሮ መሆን ያለበት) 3 ነው፣ ዳርና መሃሉ በ2 ይለያያል። ገደባችን ፕላስ ማይነስ 5 ስለሆነ ያልፋል። ቀለበቱን ልለፈው?

ኮሊሜተር

ግፊቱ አመለጠኝ፤ ቁጥሩን አይቼው አለፍኩ።

የላይና የታቹን ልመልስ። አብዛኛው ጠረጴዛው ነው፤ ጨረሩ ከሥር ሲመጣ ካርቦን ፋይበሩንና ፍራሹን አልፎ ነው የሚገባው፣ ላዩን ግን በቀጥታ ያገኘዋል። ፍራሹን አንስተዋል? ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቀሪውን ለማወቅ የፋንተሙን አንድ ስላይስ ያንሱና ግሪዱን ያውጡ፤ የክቡ መሃል ከአይሶሴንተሩ (ጋንትሪው ከሚዞርበት መሃል) በቁመትም በወርድም ከ5 ሚ.ሜ. በላይ አይራቅ። ሌዘሩን ብቻ አይመኑ፤ ሌዘሩም ራሱ ፍተሻ የሚያስፈልገው ነገር ነው። የ32ቱ ፋንተም 14 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጠረጴዛው ተዘርግቶ ሲወጣ ጫፉ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከፍታውን የሚያስተካክሉት ፋንተሙ ጋንትሪው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እንዳይንከባለል ከሁለቱም ጎን ስፖንጅ ይደግፉት፣ በፕላስተርም ይሰሩት።

አንድ ነገር ደግሞ። በአንድ አክሲያል ዙር አንዳንድ ማሽን ከ360 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ጨረር ይሰጣል፤ መነሻው ያለበት ጎን ሁለቴ ይመታል። መነሻው በየስካኑ የሚለዋወጥ ማሽን ከሆነ የዳሩ ንባብ ከድግግሞሽ ድግግሞሽ ይወዛወዛል። የእርስዎ ሦስት ንባቦች በ1 በመቶ ውስጥ ስለሆኑ እዚህ ችግር የለም፣ ግን ሌላ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ለክተው አይሂዱ።

በነገራችን ላይ ቀኝና ግራ ብለው ሲጽፉ የማን ቀኝ? ጋንትሪውን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ነው ወይስ የተኛው ታካሚ? ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ።

ቀለበት_አዳኝ

ቀለበቱን አይለፉት፣ አይደንግጡለትም።

በመጀመሪያ ፋንተሙን በ3 ሴ.ሜ. ወደ ጎን ይግፉትና እንደገና ያንሱ። ቀለበቱ ከጋንትሪው መሃል ጋር ከቆየ የዲቴክተር ነው። ከፋንተሙ ጋር ከተጓዘ የፋንተሙ ነው፤ የአየር አረፋ ወይም የፕላስቲኩ ግድግዳ።

የዲቴክተር ከሆነ በሁለት ረድፍ ብቻ መሆኑ የመልሱን ግማሽ ይነግረናል። የራጅ ቀለም (ለታካሚ የሚሰጠው ኮንትራስት) ጋንትሪው መስኮት ላይ ተንጠባጥቦ ቢሆን ኖሮ ጠብታው በብዙ ረድፎች ላይ ጥላ ይጥላል፣ ሰፋ ያለና ዳሩ የደበዘዘ ቀለበትም ይሰጣል። ያም ሆኖ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በደረቅ ያድርቁት፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ያልጠረጉ ሰዎች ሞጁል ቀይረው ያውቃሉ።

ቀጥሎ ቲዩቡን በደንብ ያሙቁና የአየር ካሊብሬሽን ያድርጉ፣ ጋንትሪው ባዶ ሆኖ፤ ጠረጴዛውም የራስ መደገፊያውም ከጨረሩ ውጭ። የራስ መደገፊያው ተረስቶ የተሠራ ካሊብሬሽን ከማንኛውም ብልሽት የባሰ ምስል ያመጣል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ የነበረ ከሆነ ወዲያው አያድርጉት፤ የዲቴክተሩ ሙቀት እስኪረጋ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ሳይረጋ የተሠራው ካሊብሬሽን ራሱ ቀለበት ይፈጥራል። የሙቀቱን ንባብ ሰርቪስ ገጹ ላይ ያገኙታል።

ከዚያ በኋላም ካለ ቻናሉን (ቀለበቱን የሚያመጣውን የዲቴክተር ኤለመንት) ራስዎ ገምተው መስጠት ይችላሉ። ቀለበቱ ከመሃል የሚርቀውን ለዲቴክተሩ ኤለመንት ስፋት በአይሶሴንተር ያካፍሉት። ስፋቱ 0.6 ሚ.ሜ. ከሆነ 21 ለ0.6 ማለት 35፤ ከመሃለኛው ቻናል 35ኛው ግድም፣ ረድፍ 7 እና 8። ግራ ይሁን ቀኝ ከቀለበቱ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን በዙሩ ያንኑ ክብ ይሠራሉ። መሐንዲሱ የጥሬ ዳታውን ሳይኖግራም (በየማዕዘኑ የተለካውን የሚያሳይ ምስል) ሲያይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታየዋል።

ምስሉን በዊንዶው 100፣ ሌቭል 0 አድርገው ያስቀምጡ። በሰፊ ዊንዶው ካስቀመጡት ማንም አያየውም፣ ቀለበት የለም ብሎ የሚመልስልዎትም አይጠፋም። ቀለበቱ ላይና ጎኑ ላይ ትንሽ አር ኦ አይ (ለመለካት የሚከበብ ቦታ) አድርገው ልዩነቱን በኤችዩ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር አድጎ እንደሆነ የሚያስተያዩት ከዚያ ጋር ነው። 21 ሚ.ሜ. ላይ ያለ ቀለበት በጭንቅላት ስካን አንጎሉ መሃል ላይ ነው የሚያርፈው፣ የጭንቅላት አንባቢዎቹን አሁኑኑ ይንገሯቸው።

የአየር ካሊብሬሽን ምስሉን እንጂ ዶዙን አይነካም፤ የለኩትን እንደገና መለካት የለብዎትም።

ሦስት_መቶ_ቮልት

አንድ ነገር ሳይባል ቀረ፦ ይህ ቻምበር ወይም የእሱ ዘመድ ሌላ የት ተለክቶበታል?

ያንኑ የስልክ ግፊት ይዞ በሌሎች ክፍሎች የተለካ ካለ ሁሉም 22 በመቶ አንሷል። ጥሬ ንባቡ ቅጹ ላይ ካለ መልሶ ማስላት ነው፤ የተስተካከለው ብቻ ተጽፎ ከሆነ በመጀመሪያ ማስተካከያውን አካፍለው ያውጡት። ከሁሉ የማስበው የጠቅላላ ራጅ ክፍሎቹን ኤኢሲ (ጨረሩ ሲበቃ በራሱ የሚያቆመው መቆጣጠሪያ) ነው። ዲቴክተሩ ጋ መድረስ ያለበት ዶዝ ባልተስተካከለ ክፍት ቻምበር ተለክቶ ከተሞላ፣ ኤኢሲው 29 በመቶ አብዝቶ ያበራል፣ ለዓመታት። የኤክስፖዠር ኢንዴክሱን (ዲቴክተሩ ጋ የደረሰውን ዶዝ የሚያመለክተውን ቁጥር) መዝገብ ከታለመው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

የኬኤፒ ሜትርም (ዶዝን በጨረሩ ስፋት አባዝቶ የሚያሳየው) እንዲሁ። ኮሊሜተሩ ላይ የተገጠመው ግልጽ ሰሌዳ ክፍት ቻምበር ነው። ፋብሪካ ላይ ተሞልቶ ደጋ ላይ ከተገጠመና የቦታው ግፊት ካልገባለት በዚያው ልክ አሳንሶ ያሳያል፤ የፍሎሮስኮፒ (የቀጥታ ራጅ ምስል) ዶዝ ማስጠንቀቂያችሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ክፍት የሆኑ ሰርቬይ ሜትሮችም (የአካባቢ ጨረር መለኪያዎች) አሉበት፤ በግፊት የታሸጉትና ጋይገሮቹ የሉበትም።

ኮሊሜተር

በኬኤፒው ላይ፣ አንዳንዱ ኬኤፒ የሚታየው ከኮሊሜተሩ ስፋትና ከኬቪ ተሰልቶ ነው እንጂ ምንም ቻምበር የለም። ያንን በ1.29 እንዳታባዙት። ከፊት መስኮቱ ላይ ሰሌዳ መኖሩን በዓይን አይታችሁ፣ ከዚያ ሶሊድ ስቴት ሜትር ሥሩ አስቀምጣችሁ ከንባቡ ጋር ታስተያያላችሁ።

ፋንተም_ተሸካሚ

ፍራሹ አልተነሳም ነበር። አንስቼ ስለካ ታች 2.53 ሆነ። የፋንተሙ መሃል በ3 ሚ.ሜ. ብቻ ነው የተዛነፈው፣ ተውኩት።

መስኮቱን ጠርጌ የአየር ካሊብሬሽን ካደረግኩ በኋላ የ8ኛው ረድፍ ቀለበት ጠፋ፤ የ7ኛው አለ፣ ፋንተሙን ስገፋም ከጋንትሪው መሃል አልተነቃነቀም። ከጎኑ በ6 ኤችዩ ይለያል። ከነምስሉ ለመሐንዲሱ ልኬያለሁ፤ ቻናል 35 ግድም፣ ረድፍ 7 ብዬ።

ቅጹ ላይ ግፊት የሚለውን መስመር «በክፍሉ ውስጥ በባሮሜትር የተነበበ» ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ ከጎኑም የኤሌክትሮሜትሩ ማስተካከያ በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚል ሳጥን አለው። ነገ የራጅ ክፍሎቹን ኤኢሲ መዝገብ እጀምራለሁ። የሦስቱ ጥሬ ንባብ አለ፤ የአንዱ የለም፣ እሱን እንደ አዲስ መለካት ነው።